እናትሽ ደህና ናቸው ያለሽ ሰው የለም

ለውድ እህቴ ለሀናን፣ ካለሽበት ኩዌት።

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። እንዴት ሰነበትሽ እህቴ? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ራስ ምታትሽ ተወሽ ወይ? እንቅልፍ ይወስድሻል? እህል ትቀምሻለሽ? ማዳምሽስ ትንሽ አዘነችልሽ ወይስ ሥራው እንደ ወትሮው ነው? ስልክሽ ከተዘጋ ወዲህ በሆዴ ስጠይቅሽ የምውለው ይህንኑ ነው። ዛሬ በወረቀት ሳሰፍረው ቢያንስ አንድ ቀን ዓይንሽ ያርፍበታል ብዬ ቀለል አለኝ። እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። አባባ ደህና ናቸው፤ ይሰግዳሉ፣ እስከ መስጊድም በገዛ እግራቸው ይሄዳሉ፣ ከእህል ግን ቀነስ አድርገዋል። ባለቤቴ ዘምዘምና ልጆቹ ደህና ናቸው። ክረምቱ እየወጣ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ጉሙ እስከ ሱቄ በር ድረስ ይመጣል፣ ረፋድ ላይ ሲገለጥ አገሩ ሁሉ አረንጓዴ ነው። አንቺ ብታዪው እያልኩ ነው የምከፍተው።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ የሰፈራችን ልጅ ፈርሂያ ናት። እረፍቷ ስላለቀ ለአረፋ እንኳ ሳትቆይ ልትመለስ ነው፤ እናቷ ከአሁኑ ማልቀስ ጀምረዋል። ደብዳቤ እንድትይዝልኝ ስለምናት፣ «በስልክ የማይነገር ምን ተገኘና ነው ወረቀት የምታሸክመኝ?» አለችኝ እየሳቀች። «ስልኩንማ ዘጋችው። ደግሞ ወረቀት ማንም ላይክ አያደርገውም» አልኳት።

ስልክሽን ከመዝጋትሽ በፊት ያልሽኝን አልረሳሁትም። «ያን ያህል ሰው እያወቀ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ተጫወታችሁብኝ» አልሽኝ። ከዚያ ከአገራችን ልጆች የፌስቡክ ግሩፕ ወጣሽ፣ የእኔንም ጥሪ ማንሳት ተውሽ። ልከራከርሽ አይደለም የምጽፈው። አንቺ ያየሽው ግን በአንድ በኩል ያለውን ነው። የወዲህኛውን ነገር ከእኔ በቀር አስተካክሎ የሚነግርሽ የለም፤ እንደምታውቂው የቀኑን ውሎ ማታ በደብተሬ መጫር ልማዴ ስለሆነ እስካሁን አልተምታታብኝም። አንብቢውና ከዚያ በኋላ የወደድሽውን ወስኚ።

እማ ሳትታመም ነው የሞተችው። ይህን እዚያው ኩዌት ያለችው ሩቂያ ነግራሻለች፤ ከእኔ አፍ ግን አልሰማሽውም። ሱብሒ ሰገደችና ጋደም አለች። አባባ ሻይዋ እየቀዘቀዘ መሆኑን አይተው፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬ አትነሺም እንዴ?» ብለው ጠሯት። አልመለሰችም። ፊቷ ላይ ምንም ጭንቅ አልነበረም። ለገበያ የምትለብሰው ቀሚሷ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ነበር። ጥሪው ተጠራ፣ የቅሬያችን እድርተኛ እስላሙም ክርስቲያኑም ተሰበሰበ፤ ገሚሱ መቃብር ሊቆፍር ሄደ፣ ገሚሱ ድንኳን ተከለ። አንቺ ብትኖሪ የምታደርጊውን ሁሉ የሰፈሩ ሴቶች አደረጉልሽ።

ስህተቱ የመጣው በዚያው ጠዋት ነው። አለምነው፣ ያ ፎቶ ቤት ያለው፣ ግሩፑን የከፈተው፣ የቅሬ ጥሪ በሰማ ቁጥር የሟቹን ስም አጣርቶ ግሩፑ ላይ እንደሚለጥፍ ታውቂያለሽ። እዚህ ለፋፊው ሰፈር ለሰፈር ይዞራል፣ እሱ ደግሞ በየዐረብ አገሩ ላለው የእኛ ሰው ይለፍፋል። ወዲያው ከዚህ «አላህ ይርሐማቸው»፣ ከዚያ «ነፍስ ይማር» ይጎርፋል። ያን ቀንም እጁ እንደለመደው ጻፈ፤ «እቴቴ ኡምኩልሱም ዐርፈዋል፣ ቀብር ከዙሁር በኋላ ነው።» ልጃቸው እዚያው ግሩፑ ውስጥ መሆኗ የታወሰው ከለጠፈው በኋላ ነው።

ጋቢውን እንኳ ሳይደርብ እየሮጠ መጣ።

«አሕመዲን፣ ጉድ ሠራሁህ» አለኝ።

«ምን አደረግህ?»

«ለሀናን መርዶ በፌስቡክ ነገርኳት።»

ማዳምሽ ስልክሽን ቀን ቀን እንደምትይዘውና ሥራ ስትጨርሺ ብቻ እንደምትሰጥሽ ትዝ አለኝ። «ቶሎ አጥፋው» አልኩት። «አጥፍቼዋለሁ፤ ግን ያየው ሰው ስንት ነው!» አለ፣ ግንባሩን ይዞ።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር አንቺም ታውቂያለሽ። የእትዬ አልታየች ልጅ ዘምቶ የሞተ ጊዜ ማልደው ከሄዱት ሽማግሌዎች ውስጥ አባባ ነበሩ። ቤቱን ሞልተው ገብተው፣ ሁለት ሴት በግራ በቀኝ አስቀምጠው ነው አንዲቷን ቃል ያወጡት። የሚይዝ እጅ ሳይኖር መርዶ አይነገርም። አንቺ ግን ከወጥ ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ብቻሽን፣ ስልክ ላይ አንብበሽ፣ ቤቱ እንዳይሰማ አፍሽን በትራስ አፍነሽ ታየሽኝ። የእማ ሞት ራሱ ለጊዜው ከልቤ ወጣ። ያን ቀን የፈለግሁት አንድ ነገር ነው፤ ብቻሽን እንዳትሰሚ።

አንቺ ባለሽበት ግሩፕ ላይ «ለሀናን እንዳትነግሩ» ብሎ መጻፍ አይቻልም። ስለዚህ አለምነው ሌላ ግሩፕ ከፈተና ከአንቺ በቀር ሁሉንም እየጠራ አስገባ። ቀብር መልስ እኔ ራሴ ጻፍኩላቸው። «እህቴ አልሰማችም። ሰው በአካል ደርሶ እስኪነግራት ዝም በሉልኝ። ነገር ግን ማንም እናትሽ ደህና ናቸው ብሎ እንዳይዋሻት» አልኩ። ሁለት ነጋዴ በጆሮ የተነጋገሩት ዋጋ ከሰዓት ላይ ገበያውን ሲዞረው የኖርኩ ሰው ነኝ። ይህ ሁሉ ፊቱን አይቼው የማላውቅ ሕዝብ ዝም ይላል ብዬ አላመንኩም። አንድ ቀን ቢታገሱልኝ በቂዬ ነው ብዬ ነበር።

የገበያ ቀን ደረሰና አንቺ እንደ ልማድሽ ጠየቅሽ፤ «ገበያ የወጣችሁ፣ እማን በፎቶ አምጡልኝ» አልሽ።

ይህን ልማድ ስትጀምሪው እኔ አልወደድኩትም ነበር። የማላውቀው ጎረምሳ እማ በርበሬ የምትሸጥበት ቦታ ቆሞ ስልኩን ይደቅናል። እሷም «ምን ትገተራለህ፣ ግዛ ወይ እለፍ!» ትለዋለች። «ለሀናን ነው እቴቴ» ሲላት ግን ሻሿን ታስተካክላለች። «እንግዲያ ቶሎ በል፣ ጥርሴ እንዳይታይ» ትለዋለች። ማታ አንቺ የጻፍሽውንና ሰዉ የመለሰልሽን ለእሷና ለአባባ የማነበው እኔ ነበርኩ። ያ ዱባይ ያለው ቀልደኛ በፍቃዱ፣ «እቴቴ አማቴ ይሁኑልኝ፣ ጥሎሽ አንድ ጆንያ በርበሬ አመጣለሁ» ብሎ የጻፈ ጊዜ፣ «በርበሬ ለበርበሬ ሻጭ? ይህ ልጅ ንግድ አያውቅም፣ አልድርለትም» ብላ አባባን በሳቅ ልትገድላቸው ነበር። እንዲህ እንዲህ ሲል ፊቷን ያላየ የግሩፑ ሰው አልነበረም። ለዚህ ነው ያን ቀን ስትጠይቂ ሁሉም የደነገጠው።

አንዱ «ዛሬ ዝናብ ነው፣ ገበያው ሳይሞላ ተበትኗል» አለሽ። እውነትም ዘንቦ ነበር። ሌላው «እኔ አልወጣሁም» አለ። በዛች፣ ያቺ እንዳንቺው ኩዌት ያለችው የማሻ ልጅ፣ «እሱን ተይውና አንቺ ራስሽ እንዴት ነሽ? ምን በላሽ?» ብላ ጠየቀችሽ። ከዚያ ሁሉም እሷን ተከትሎ እንዴት ነሽ፣ እንዴት ዋልሽ፣ ደክሞሻል ወይ ይልሽ ጀመር። አንቺም «ዛሬ ምን ሆናችኋል? ሁላችሁ የእኔ ጠያቂ ሆናችሁ፣ ልትድሩኝ ነው እንዴ?» ብለሽ ጻፍሽ። «በፍቃዱስ ምነው ዝም አለ?» አልሽ። በፍቃዱ በዚያኛው ግሩፕ፣ «እኔ ይህን አልችልም ወንድሞቼ፣ እሷ ስትስቅ ማየት አልችልም» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ደግመሽ ጠየቅሽ። አለምነው ሱቄ ድረስ መጥቶ፣ «ባለፈው ወር ያነሳኋት ፎቶ አለኝ፤ እሱን ልለጥፍላትና ትረጋጋ» አለኝ። «በእናቴ ፊት አትዋሽም» አልኩት። ተናደደ። «ታዲያ እስከ መቼ ነው ዝናብ የምናዘንበው?» አለ። ልክ ነበር። ግን ያኔ እሺ ብዬው ቢሆን ዛሬ «ተጫወታችሁብኝ» ስትይኝ የምለው ባጣሁ ነበር። ተመልሰሽ የተጻፈውን ሁሉ አንብቢው። ሸሽተውሻል፣ ወሬ ቀይረውብሻል፤ «እናትሽ ደህና ናቸው» ያለሽ ሰው ግን አንድም አታገኚም።

አሁን ደግሞ ማንም ያልነገረሽን ልንገርሽ። በቀብሩ ማግስት ከወግዲ በኩል የማናውቃቸው ሰዎች ንፍሮና ዳቦ ተሸክመው ድንኳኑ ውስጥ ገቡ። አንድ ሽማግሌ ናቸው፣ ከሁለት ሴቶች ጋር። እንደ ቤተ ዘመድ አለቀሱ። የቅሬያችን ሰብሳቢ ጋሽ አድማሴ እንግዳ ካዩ ሳይጠይቁ አያድሩም፤ «እንግዶቹ፣ ከየትኛው ቅሬ ናችሁ?» አሉ። ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው ከሴቶቹ ወደ አንዷ፣ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ልጅቱም «ከፌስቡኩ ነን፣ አባ» አለች። ጋሽ አድማሴ አሰብ አደረጉና፣ «ይቺ ደግሞ የት ያለች ቀበሌ ናት?» አሉ። ለቅሶ ቤት ውስጥ ሳቅ ሲታፈን ታውቂዋለሽ፤ የሰዉ ጋቢ ሁሉ ወደ አፉ ወጣ።

ሽማግሌው ግን አልሳቁም። «ልጄ ሩቂያ ኩዌት ናት» አሉ። «እናቷ የሞተች ጊዜ እሷ እዚያ፣ እኔ እዚህ ነበርን። ሳትበላ ሰነበተች። በዚያ በስልኩ እየጠራች፣ እየገሠጸች፣ እህል ያስቀመሰቻት የዚህ ቤት ልጅ ናት። ለቅሶዬን ደርሳለች። እኔስ የእሷን እንዴት እቀራለሁ?» አሉ። ጋሽ አድማሴ ብድግ ብለው የራሳቸውን መቀመጫ ለቀቁላቸው። በማግስቱ ደግሞ ከማሻ የበዛች ወንድሞች መጡ፤ ከዚያም ስማቸውን እንኳ በቅጡ ያልያዝኳቸው መጡ። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፤ ሀናን ደርሳልናለች። እኔ ወንድምሽ፣ የአንቺን ስልክ የሥራ ፈት ጨዋታ ነው የምለው፣ አንቺ በዚያች ክፍል ተቀምጠሽ የሦስት ወረዳ ለቅሶ ስትደርሺ እንደኖርሽ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ነጋዴ ነኝና ሰው ወደ አንድ ቦታ ሲጎርፍ ካየሁ ምን ቢያገኝ ነው ብዬ መጠየቅ አልተውም። ግሩፑ ለእኔ የሚሸጥም የሚገዛም የሌለበት ገበያ ነበር። አንዱ ጂዳ ሆኖ የቤታቸውን በር ፎቶ ይለምናል። አንዷ «የገበያውን ጫጫታ ቅዱልኝ፣ ሰው ባይታይ ግድ የለም፣ ድምፁ ብቻ» ትላለች። ሌላው ጉም የወረደበት መንገድ አይቶ «ብርዱ ናፈቀኝ» ሲል ይውላል፤ እዚህ እኛ በዚያው ብርድ ጥርሳችን ይንገጫገጫል። ከንጋት ጀምሮ የሰው ቤት ሲያጸዳ የዋለ ሰው ያችን ጥቂት እረፍቱን ለምን እዚያ ያፈሳታል እል ነበር። መልሱ የመጣልኝ ድንኳኑ ውስጥ ነው። በቅሬያችን ሰው ከቀረ «እገሌ የት ሄደ? ታመመ ወይ?» ይባላል። ይወቀሳል፣ ይቀጣል። አንቺ ያለሽበት ቤት ውስጥ ብትጠፊ የሚፈለገው ሥራሽ ነው። ስትጠፊ አንቺን የሚፈልግ፣ «የት ጠፋሽ?» ብሎ የሚቆጣሽ ሰው ያለው እዚያች ስልክ ውስጥ ነበር። ለዚህ ይመስለኛል ሰው ዓይኑ እስኪቀላ የሚያያት። ክፉም አይታጣበትም፤ ሐሜተኛ አለ፣ አስመሳይ አለ፣ በሌላ ሰው ፎቶ የሚያታልል አለ። እኔ የምውልበት ገበያም ከዚህ አይሻልም፤ ግን እሄዳለሁ።

አንቺ የምታውቂው አርብ ቀን ሦስት ሴቶች በር አንኳኩተው መግባታቸውን ነው። ከዚያ በፊት ሩቂያ ማዳምሽ ዘንድ ደጋግማ ደውላለች። መጀመሪያ ዘጋችባት። ቀጥላ እንግዳ አለብኝ አለች። በመጨረሻ ሩቂያ በዚያ በተማረችው ዐረብኛ፣ «እናቷ ሞታለች። እኛ ዘንድ ይህ በስልክ አይነገርም። በእናትሽ ይሁንብሽ፣ አንድ ሰዓት ስጪን» ስትላት ማዳምሽ አርብን ሰጠቻት። ሴቶቹ የየራሳቸውን እረፍት ለምነው፣ ከየቤታቸው ተጠራርተው ነው የመጡት። አንዳቸው የሌላቸውን ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ በአካል ያዩት በርሽ ላይ ነው። ሩቂያ በቀኝ፣ በዛች በግራ ሊቀመጡ ተስማምተው፣ ከነገሩሽ በኋላ እንደማትበይ ስለሚያውቁ መጀመሪያ ምግብ አቀረቡልሽ። «በዓል ነው እንዴ?» ብለሻቸው ነበር አሉ።

እኔ በዚያ ሰዓት ሱቄን ዘግቼ አባባ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ስልኩን መሬት ላይ አስቀምጠን ሁለታችንም እሱን እናያለን። ሩቂያ ሁለት ቃል ጻፈች፤ «ነገርናት። ይዘናታል።» አባባ «ምን አለች?» አሉኝ። «ይዘዋታል» አልኳቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ እኔም እሳቸውም ለእማ በቅጡ አላለቀስንም ነበር።

ስለዚህ እህቴ፣ አስቤበት ያደረግሁት ነው፤ ዛሬም ቢሆን እንደዚያው አደርጋለሁ። መከፋትሽ ግን ይገባኛል። ሁሉም ሲያለቅስ አንቺ ትስቂ ነበር፤ ያ ይቆጫል። ብትቆጪም በእኔ ተቆጪ። እነዚያ ሰዎች ያንቺን እንባ ብቻሽን እንዳታፈሺው ብለው የራሳቸውን ዋጥ አድርገው የሰነበቱ ናቸው።

ከወጣሽ ወዲህ የገበያ ቀን ሲደርስ ፎቶ የሚጠይቅ የለም። በየጊዜው «ሀናን እንዴት ናት?» ይሉኛል። አባባ ከለመዱት፣ እራት ስንጨርስ «ሀናን ዛሬ ምን አለች?» ይሉኛል። «ዛሬ አልጻፈችም» እላለሁ። ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። አረፋ ደግሞ ከፊታችን ነው። አምና እማ ስልኩን ከማዕዱ ራስ ላይ አቁማ፣ «ብይ እንጂ፣ ምነው ታፍሪያለሽ» ስትልሽ እኛ ሁላችን ስንስቅ ትዝ ይለኛል። ዘንድሮ በዚያ ማዕድ ላይ ሁለታችሁም የላችሁም። እሷን ማምጣት አልችልም።

የእማ የአርባ ቀን ሶደቃ ከአረፋ በኋላ ባለው እሁድ ነው። የወግዲዎቹም የማሻዎቹም ይመጣሉ፤ ጋሽ አድማሴ «የፌስቡክ ቅሬም ይቆጠርና ድንኳኑ ይስፋ» ብለዋል። ዱዓውን ማታ፣ ማዳምሽ ስልክሽን በምትመልስልሽ ሰዓት እናደርገዋለን፤ ሲጀመር እደውልልሻለሁ። ማውራት አይጠበቅብሽም፤ ቂምሽንም ያን ቀን ተይው አልልሽም። ስልክሽን ብቻ ክፈቺና አንሺው። እኔ ድምፁን ከፍ አድርጌ አባባ ጉልበት ላይ አስቀምጠዋለሁ። ሼኹ ሲመርቁ ሰዉ ሁሉ አሚን ሲል አንቺም ካለሽበት አሚን በይ። ለእማ አንድ የሴት ልጅ አሚን ጎድሎባታል። አባባም ድምፅሽን ይስሙት።

ወደ ግሩፑ መመለስ አለመመለስ የራስሽ ነው። ብትመለሺ ግን ወቀሳ እንደሚጠብቅሽ እወቂ። የት ጠፋሽ የሚልሽ ብዙ ነው።

አባባ እጃቸውን ዘርግተው ይመርቁሻል። ዘምዘም ናፍቀሻታል፣ በልጆቹም ስም ትስምሻለች። እትዬ አልታየች «በእኔ ይሁንብሽ፣ ብዪ» ብለውሻል። ጋሽ አድማሴ «ልጄን ሰላም በልልኝ» ብለዋል። አለምነው ደብዳቤ እንደምጽፍ ሰምቶ ሱቅ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ምን ልበልልህ ስለው፣ «ምንም አትበል፣ ስሜን ብቻ ጻፍ» አለኝ፤ ይኸው ጽፌዋለሁ። ሩቂያንና በዛችን ካገኘሻቸው ከዚህ ቤት ሁሉ ሰላም በይልኝ። እዚህ ላይ የተሰረዘ ነገር ብታዪ ግራ አይግባሽ። እጄ እንደለመደው «እማም» ብሎ ጀምሮ ነበር።

ወንድምሽ አሕመዲን
መካነ ሰላም፣ መስከረም 5 ቀን 2008 ዓ.ም.